የበደልን አሠራር የሚያሳይ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል? ለወሎ ጀማሪ ደራሲያን

ስለ ማኅበራዊ በደል መጻፍ የሚሻ ጀማሪ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከቁጣ ነው። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጣ ብቻውን ሁለት ወይም ሦስት ምዕራፍ ካስኬደ በኋላ ይደክማል። ለአስተያየት ከሚደርሱኝ ረቂቆች ውስጥ በብዙዎቹ የማገኘው ታሪክ አንድ ነው፤ ባለርስቱ ቦርጫምና ጨካኝ ነው፣ ጭሰኛው ምስኪንና እንከን የለሽ ነው፣ ትምህርት የቀመሰው ልጅ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ተመልሶ ንግግር ያደርጋል፣ መጽሐፉም በንግግሩ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ረቂቅ የጎደለው ርኅራኄ አይደለም። እህሉ በማን ቁና እንደ ተሰፈረ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ማን እንደ ነበር፣ ደጅ የሚጠናው ሰው ስንቁን ከየት እንዳመጣና ማታ የት እንዳደረ አይናገርም፤ ደራሲው ራሱ አያውቀውምና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያርፈው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ በደል ለአንባቢ የሚታየው በክፉ ሰው ጠባይ ሳይሆን በአሠራሩ ሲሆን፣ የደራሲው የመጀመሪያ ሥራም ያንን አሠራር እንደ ባለሙያ ማወቅ ነው።

ጉዳይን ስለ መምረጥ

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚሆን ጉዳይ አያጣም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ የታዘዙበት ዘመን፣ ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረው ጭሰኝነት፣ የ1966ቱና የ1977ቱ ረኃብ፣ ሰፈራው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ የኖሩበት ንቀት፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ዕጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በዘለቀ ጊዜ የሆነው ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሊገባ ይጋፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ላይ የሚያወርድ ደራሲ አንባቢውን ከማሳዘን ይልቅ ያደነዝዘዋል።

ከነዚህ አንዱን ለመምረጥ የሚረዳ መለኪያ አለ። ጉዳዩ የደረሰበትን ሰው ብቻ ሳይሆን ጉዳዩን ያስፈጸመውንም ሰው፣ ወይም የዚያን ሰው ልጅ፣ ወይም ቢያንስ የጻፈውን ደብዳቤ ማግኘት ይችላሉ? የተበደለውን ብቻ ካገኙ የሚወጣልዎ ሙሾ ነው፤ ሙሾ የተከበረ ጥበብ ቢሆንም አራት መቶ ገጽ አይሸከምም። ሁለቱንም ካገኙ ግን ልብ ወለድ ሊወጣዎ ይችላል። ባለ እጆች ላይ የደረሰውን ንቀት በተመለከተ ይህ መለኪያ በተለይ ይፈትናል፤ ይህ በደል በፍርድ ቤት መዝገብ አልተጻፈም፣ ያስፈጸመውም ሹም የለም፤ ያስፈጸመው ጎረቤት ነው፣ ልጁን አልድርም ያለው ጎረቤት። ያንን ጎረቤት በቡና ሰዓት አስቀምጠው ለማናገር ድፍረቱ ከሌለዎ ጉዳዩን ለጊዜው ቢያቆዩት ይሻላል።

አሠራሩን ስለ ማጥናት

ምሳሌ እንዲሆነን የ1966ቱን ረኃብ እንውሰድ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ታሪክ ዝናብ ጠፋ፣ እህል አለቀ፣ መንግሥት ደበቀ የሚል ነው። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ሆኖም ለደራሲ አይበቁም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ስለ ወሎ ያቀረቡት ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊን ሊያስደነግጥ የሚገባው ነው። ሰው እያለቀ በነበረበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ሲጓዝ ነበር። ምክንያቱ በጭካኔ የታቀደ ነገር ስለ ነበረ አይደለም። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም አብሮ አጥቷል፤ የሚገዛበት ስለሌለው በገበያው ላይ ፈላጊ ሆኖ አይቆጠርም፤ ፈላጊ በሌለበት ገበያ ዋጋ አይወጣም፤ ነጋዴም እህሉን ፈላጊ ወዳለበት ይጭናል። የአፋሩ አርብቶ አደር መከራ ደግሞ በሌላ በር ገባ። በአዋሽ ሸለቆ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት ለትልልቅ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተወስዶ ነበርና ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አልነበረውም፤ ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወደቀ።

ይህንን ያነበበ ደራሲ ጥናቱን በገጸ ባሕርይ አፍ ማስነገር የለበትም። ወደ ትዕይንት ይለውጠው። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው እዚያ ይገናኛሉ። አንድ የአፋር አባወራ ፍየሎቹን ነድቶ ገበያ ይግባ። ባለፈው ዓመት በአንድ ፍየል ምን ያህል ማሽላ ይዞ እንደ ተመለሰ ያስታውስ፤ ዛሬ የሚሰጡትን ይስማ፤ ለሌላ ነጋዴ ያቅርብ፤ ያው ዋጋ ይነገረው። ነጋዴው አይሳለቅበት፣ አያታልለው፣ ቁናውንም አያጉድል። እንዲያውም ከዚህ በፊት ቡና ያጠጣው ደንበኛው ይሁን፤ ፊቱን ሳያዞር «ምን ላድርግህ፣ ሁሉም ሰው ዛሬ ፍየል ይዞ መጥቷል» ይበለው። ይህ ምዕራፍ ሲያልቅ አንባቢው የሚጠላውን ሰው ፈልጎ ያጣል፤ ከዚያም ማጣት ጥያቄ ይወለዳል፤ የአዋሽን መሬት ማን ለማን ሰጠው? ያንን ጥያቄ ደራሲው ለምዕራፍ ስምንት ያቆየው። የጭነት መኪናውም እንዲሁ ነው፤ ሹፌሩ የጫነውን እህል ይዞ ከደሴ ቁልቁል ሲወርድ በመንገዱ ዳር የተሰበሰበውን ሰው ያያል፤ ጭነቱ የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ፋክቱሩ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ቢያጎድል ይታሰራል። ለሹፌሩ ጥሩ ልብ ይስጡት። ጥሩ ልቡ ምንም እንዳይለውጥ ማድረግ ነው ጽሑፉን የሚያከብደው።

በጭሰኝነት ዘመን ላይ ለሚጽፍም ያው ሥራ ይጠብቀዋል። ለባለርስቱ የሚገባው ድርሻ ሲሶ ነበር ወይስ እኩል? ዘሩንና በሬውን ያቀረበው ማን ነበር? አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ ዕዳው የባለርስቱ ሲሆን በጭሰኛው ላይ መጫኑ የተለመደ ነበር፤ በመጽሐፍዎ ውስጥ ይህ ጫና በቃል ነው ወይስ በአውድማ ላይ በሚደረግ ስፍር የሚታየው? ደግሞም ወሎ ሁሉ አንድ ዓይነት የመሬት ሥሪት አልነበረውም፤ በአንዱ ወረዳ ገበሬው የራሱ ርስት ያለው ሆኖ በአጠገቡ ያለው ወረዳ በጭሰኛ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ሌላ ክፍለ ሀገር ላይ ከተጻፈ ልብ ወለድ ባላባትን ቀድቶ እንደ ሳይንት ወይም እንደ ቃሉ ባለ የወሎ ወረዳ ላይ መትከል የሽማግሌ አንባቢ እምነት የሚያሳጣ ነገር ነው።

ከዛሬው ዘመን ለሚጽፍ የዓረብ አገር ጉዞ ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር አሠራር ያለው ይመስለኛል። የከፋላ ሥርዓት የሚባለው የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር አትችልም፣ ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ የምትሆነው እሷ ነች። በአገር ውስጥ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛና የመጓጓዣ ወጪን በአሠሪው ላይ ሲጥል፣ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የመሳሰለውን ለሠራተኛዋ ይተዋል። እንግዲህ በሕጉ መሠረት አሠሪው መክፈል ሲገባው አባትየው በሬውን ለምን ሸጠ? የሸጠበት ገንዘብ በደላላው፣ በደላላው ደላላና በድንበር አሻጋሪው መካከል እንዴት ተከፋፈለ? በባቲና በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ የመረጠችው ሕጋዊው መንገድ ስንት ወር ስለሚያስጠብቃት ነው? ልብ ወለዱ የሚገኘው በሕጉና በበሬው መካከል ባለው ቦታ ነው። ስለ ልጅቷ ዕንባ የተጻፈ ብዙ አለ፤ ስለ ደብተሩ፣ ማለት ወላጆቿ ብድሩን ስለ መዘገቡበት ደብተርና የላከችው ሐዋላ እንዴት እንደ ተቀናነሰ የተጻፈ ግን ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ስድሳ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን ቤታቸው የደረሱት ሰዎች መጀመሪያ የገጠማቸው ያ ደብተር ነበር ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ማንበብ እወዳለሁ።

ትእዛዝ ፈጻሚውን ስለ መሳል

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ እንዲሰፍሩ ተወስደዋል፤ አብዛኞቹም የወሎ ሰዎች ነበሩ። ከተጓዡ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ኮታ መጥቶለታል። እሱም ገበሬ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ጭሰኛ የነበረ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱን የመሬት አዋጅ ሲሰማ ያለቀሰ ሰው ሊሆን ይችላል። አሁን በእጁ ባዶ ዝርዝር አለ፤ ቁጥሩ ከላይ ተወስኗል፣ ስሙን የሚሞላው እሱ ነው። መጀመሪያ ማንን ይጽፋል? በፈቃዱ የሚሄድ ካለ እሱን። ከዚያስ? መሬት የሌለውን፣ ከዚያ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላውን፣ ከዚያ የሚከራከርላት ወንድ የሌላትን መበለት፣ ከዚያ ደግሞ በእርዳታ እህል ክፍፍል ላይ የተናገረውን። አንድም ቀን ክፉ ልሁን ብሎ ሳይወስን ክፋቱ በዝርዝሩ ላይ እየተደረደረ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ሰው ሲጽፉ ሦስት ነገር ይስጡት፤ የሚፈራው አለቃ፣ የሚወደው ሰውና ለራሱ የሚነግረው ምክንያት። ምክንያቱ ሞኝ ምክንያት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። «እዚህ ቢቀሩ ይሞታሉ» የሚለው በዚያ ዓመት ውሸት አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ይዘው በፈቃዳቸው የሄዱም ነበሩ። አንባቢው በአንድ ገጽ ላይ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተስማምቶ በሚቀጥለው ገጽ መበለቲቱ ከመኪና ስትጫን ካየ፣ መስማማቱ ራሱ ያሳፍረዋል፤ ንግግር ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ያ እፍረት ይሠራል።

ሰው ስለ ማነጋገር

ከመጽሐፍ የማይገኘው ከሰው ይገኛል፤ ሰው የሚያነጋግሩበት ሥርዓት ግን አለው። በዕድሜ የገፉ አባትን አንቱ ብሎ፣ እንደ ቦታቸው ሸህ ወይም አባባ ብሎ፣ እናቲቱን እማማ ብሎ መጀመር የሚታወቅ ነው። ደብተርንና ስልክን በአቦል ማውጣት ነውር ነው ባይባልም ጥሩ አይደለም፤ በረካው እስኪደርስ የሚነገረው ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ዘመድ ነው፤ እሱንም በጥሞና ይስሙ፤ ማን ከማን እንደሚዛመድና ማን ከማን እንደማይነጋገር የሚታወቀው ያኔ ነውና።

«ምን ተሰማዎት?» የሚል ጥያቄ ከጋዜጠኛ የተማርነው ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ምን ይሰማኛል ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው» ይሆናል። ይልቁንስ ዕቃን፣ መንገድንና ቀንን ይጠይቁ። መጀመሪያ የተሸጠው ምን ነበር? በሩ ተነቅሎ ተሸጧል? ለማን? ከቤት ሲወጡ እሳቱን ማን አጠፋው? የስም ዝርዝሩ የተነበበው የት ቆመው ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ስሜቱን ሳይጠየቅ ይናገራል። በዚያው ልክ ማቆም የሚገባበትንም ማወቅ ያስፈልጋል። በቅርቡ ጦርነት ሰው የሞተበትን ወይም የተደፈረችን ሴት «ለመጽሐፍ ነው» ብሎ ማናገር፣ ሥልጠናው በሌለው ሰው እጅ ሁለተኛ ጉዳት ነው። መጽሐፉ ሊቆይ ይችላል።

የሰሙትን ታሪክ ስም ቀይሮ ብቻ ማውጣት አይበቃም። አምባሰል ላይ «ሦስት ሴት ልጆች ያሏት፣ ወፍጮ ቤት የነበራት መበለት» ብለው ከጻፉ ስሟን ምንም ቢሏት አገሩ ሁሉ ያውቃታል። የልጆቹን ቁጥር፣ ሥራውን፣ ወንዙንና ዓመቱን ይቀይሩ፤ ሁለት ሰዎችን አንድ ያድርጉ፤ አንዱን ሰው ለሁለት ይክፈሉ። ሳይቀየር መቅረት ያለበት አሠራሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። ታሪኩን ለሰጡት ሰው ምን እንደሚጽፉ አስቀድመው መንገርም ግዴታ ነው፤ «ጽሑፍ ላይ አይግባ» የተባለ ነገር ቢጣፍጥም አይግባ።

ስለ ንግግርና ስለ አገር ለዛ

የወሎን አነጋገር ማስገባት የሚፈልግ ደራሲ ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በየመስመሩ «የኔ ሸጋ» እና «ወላሂ» እየረጨ ሰውን ወደ ቱሪስት ካርድ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ገበሬው ብቻ በአገሩ አነጋገር ሲናገር፣ የተማረው ሰውና ሹሙ በመጽሐፍ አማርኛ እንዲናገሩ ማድረግ ነው፤ ይህ ደራሲው ሳያውቀው የሠራው በደል ነው። ታላቅ ወንድሙን «አያ» የሚለው የወረዳው ጸሐፊም ቤቱ ሲገባ እንደ እናቱ ነው የሚናገረው። አነጋገሩ በስልጣን ሳይሆን በቅርበት ይለያይ፤ ያው ሰው በቢሮው አንድ ዓይነት፣ በለቅሶ ቤት ሌላ ዓይነት ይናገር።

የሃይማኖት መተሳሰርም እንዲሁ ጌጥ እንዳይሆን። ወሎ ውስጥ አባቱ ክርስቲያን፣ አያቱ ሙስሊም የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ በየመጽሐፉ የሚመጣው የመቻቻል ምዕራፍ ለወሎ አንባቢ አዲስ ነገር አይነግረውም። ቀብር ላይ ማን ምን እንደሚሸከም፣ የእርድ ቢላዋው ስንት እንደ ሆነ፣ ርስት ሲካፈል የትኛው ዘመድ እንደሚረሳ ከጻፉ ግን ሌላ ነገር ነው። መንዙማና እንጉርጉሮም ትዕይንቱ ራሱ ካልጠራቸው በስተቀር ምዕራፍ መዝጊያ ሆነው አይግቡ።

የቢሮ ደብዳቤን አማርኛ ግን አጥብቀው ያጥኑ። «ጉዳዩ ታይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት ተመርቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አድራጊ የለውም፤ የመራው ማን እንደ ሆነ፣ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የአንዲት ባለጉዳይ ታሪክ በአምስት ደብዳቤዎች ብቻ ሊጻፍ ይችላል፤ የመጨረሻው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሶ እንደገና ማመልከቻ እንድታስገባ ሲጠይቃት አንባቢው ማብራሪያ አይፈልግም።

ስለ ሥራ ሕይወትና ስለ ጽሑፍ ዓይነት

ከጽሑፍ ብቻ መኖር በአገራችን ለጥቂቶች ብቻ የተሳካ ነገር ስለሆነ፣ ደራሲው ሌላ ሥራ መያዙ አይቀርም። ይህን እንደ መርገም አልቆጥረውም። የታወቁት ደራሲዎቻችን የበደልን አሠራር ያወቁት በሌላው ሥራቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ አርበኛ፣ በጣሊያን አገር እስረኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የባላባትን ቤት ከሩቅ አይተው የጻፉ ሰው አልነበሩም፣ በኋላም በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ» ሲሉ ፍርድን ከሥልጣን አጠገብ ቆመው አይተውታል። ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፤ በታሪክ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ የጻፈው ያው ብዕራቸው ወደ 1966ቱ ረኃብና አብዮት ተመልሶ «ማዕበል»ን በተከታታይ መጻሕፍት አወጣ። አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ፣ በግጥምና በተውኔት እየተመላለሱ ጽፈዋል፤ «አልወለድም» በወጣ ጊዜ መታገዱ ይታወቃል። በዓሉ ግርማ ደግሞ የመጽሔትና የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ስላየ ነው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣው። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ።

ስለዚህ እንጀራዎን ሲመርጡ ምርጫ ካለዎ አሠራር የሚታይበትን ይምረጡ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ፣ በወረዳ መዝገብ ቤት መሥራት፣ ገጠር ማስተማር፣ በክሊኒክ ካርድ ማውጣት፣ ሐዋላ በሚከፈልበት መስኮት መቀመጥ ሁሉም የደራሲ ትምህርት ቤት ናቸው። በሥራዎ ያዩትን የባለጉዳይ ምሥጢር ግን አይጻፉ፤ የሥራውን ሥርዓት፣ የወረቀቱን ጉዞና የወረፋውን ሕግ ይጻፉ።

የጽሑፍ ዓይነትንም ጉዳዩ ይወስነው፤ አንዴ ረጅም ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ረጅም ልብ ወለድ እንዲጽፍ የሚያስገድደው የለም። ትውልድ የሚሻገር በደል፣ እንደ መሬትና እንደ ባለ እጅነት ያለው፣ ረጅም ልብ ወለድ ይፈልጋል። በአንድ ፊርማ የሚፈጸም በደል በአጭር ልብ ወለድ ይሻላል። ሁለት ወገን አንድ ቦታ ተገናኝቶ የሚሟገትበት፣ እንደ ሽምግልና ወይም ወንጀለኛው እስኪወጣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ እንደሚውልበት አውጫጭኝ ያለው፣ ተውኔት ነው። የዓረብ አገሯ ልጅና የእናቷ ታሪክ በስልክ በሚላኩ የድምፅ መልእክቶች ብቻ ሊሄድ ይችላል፤ ማዳሟ እንዳትሰማ በሹክሹክታ የተቀዳው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ይለያል።

ስለ ሕግና ስለ ማሳተም በአጭሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ ይህ ግን በስም ማጥፋት ከመጠየቅ አያድንም፤ ሰዎችን ከላይ በተባለው መንገድ መለወጥ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጥንቃቄም ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ከአሳታሚ ወይም ከአከፋፋይ ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ መብቱ ለስንት ቅጂና ለስንት ጊዜ እንደ ተሰጠ ይጠቀስበት፣ የትረካና የፊልም መብት አብሮ እንዳይሄድ በግልጽ ይለይ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይወጣል። በራስዎ ወጪ የሚያሳትሙ ከሆነ ከበሬ ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ አያስገቡበት፤ በዚህ ርዕስ ላይ መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው ይህን ማስታወስ ባላስፈለገ ነበር።

ረቂቁን ስለ መፈተን

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ከባድ ፈተና ያድርጉበት። በታሪኩ ውስጥ ያለውን ክፉ ሰው ያውጡና በቦታው ደግ ሰው ያስቀምጡ። በደሉ ከቆመ፣ የጻፉት ስለ አንድ ሰው ጠባይ ነው፤ እሱም ጥሩ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ማኅበራዊ በደል ግን አልጻፉም። ደጉ ሰው ተቀምጦም በደሉ ቢቀጥል፣ ምናልባት ትንሽ ዘግይቶ ወይም ትንሽ ተለሳልሶ ቢቀጥል፣ አሠራሩን ይዘውታል። በዚህ ፈተና የወደቁ ምዕራፎችን መጠገን የሚቻለው ቃላትን በማሳመር አይደለም፤ ወደ መዝገቡና ወደ ሰዎቹ ተመልሶ የጎደለውን እርከን በመፈለግ ነው።

ቀጥሎ ንግግሮችን ይቁረጡ። ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ስለ ፍትሕ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚናገርበትን ቦታ ምልክት ያድርጉና ያለ እሱ ምዕራፉን ያንብቡ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ሳይጎድል ይነበባል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በደሴው ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ስለ ነበሩ ተማሪዎች የሚጽፉ ከሆነ ንግግር የዘመኑ ሕይወት ስለ ነበር ይቆይ፤ እዚያም ቢሆን የሚያዳምጡትን ሰዎች ፊትና ማን ቀድሞ እንደ ወጣ ይጻፉ።

የመጨረሻ ምዕራፍን በተመለከተ ሁለት ያረጁ መውጫዎች አሉ፤ አንዱ የጀግናዋ ሞት ነው፣ ሌላው አዋጅ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ለቤተሰብ ከአሥር ሔክታር የማይበልጥ ይዞታ ሲወስንና ጭሰኝነትን ሲያስቀር የብዙ ሰው ሕይወት በእርግጥ ተለውጧል፤ ሆኖም ታሪኩን በሬዲዮ ዜና የሚዘጋ ደራሲ በማግስቱ ጠዋት በሬ የሌለው ገበሬ በተሰጠው መሬት ላይ ምን እንዳደረገ ሳይነግረን ይሄዳል። ከአዋጁ አንድ ክረምት አልፈው ይጨርሱ።

ከማተሚያ ቤት በፊት ረቂቁን ለሁለት ሰዎች ያስነብቡ፣ ማንበብ ካልቻሉም ያንብቡላቸው፤ አንዱ ነገሩ የደረሰበት፣ ሌላው በዚያ ሥራ ላይ የነበረ ይሁን። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ለእንግዳ ክፉ የሚናገር ሰው የለም። «እንዲህ አይደረግም ነበር የሚሉት የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ያቋረጡበትን ገጽ ጠርዝ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ ከተስማሙበት ይልቅ ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ለይተው ይያዙ፤ ቀጣዩን እርማት ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።